ጎታው ውስጥ ያለው ድምፅ

ናርዶስ ስድስት ዓመቷ ነው። ታናሽ ወንድሟ ኪያ ገና ሦስት ዓመቱ ቢሆንም፣ አንድ ቦታ መቆም አያውቅም።

አንድ ቀን አባታቸው አንድ አሮጌ ቤት ሊያሳያቸው ወሰዳቸው። ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ በሩ ዝቅ ያለ፣ ውስጡ ጨለማ ነው።

ድሮ ከብት አርቢዎች ይኖሩበት ነበር። አሁን ሙዚየም ሆኗል፤ ማንም አያድርበትም።

ጠባቂዋ እማማ ዘርፌ በሩ ላይ ቆሙና «ቤቶች!» ብለው ተጣሩ።

«ውስጥ ሰው አለ እንዴ?» አለች ናርዶስ።

«የለም፣ ልጄ። ቢሆንም የሰው ቤት ሳይጣሩ አይገባም። ሰው ካለ ‹ደጆች!› ብሎ ይመልሳል።»

ናርዶስ ፈራች። ማንም በሌለበት ቤት አንድ ነገር «ደጆች!» ቢልስ?

«እኔ አልገባም» አለች።

«እሺ፣ እኔና እማማ ዘርፌ ከጓሮ በረቱን አይተን እንመጣለን። ወንድምሽን ጠብቂ» አለ አባቷ።

ናርዶስ ጨለማውን ላለማየት ፊቷን አዞረች። መለስ ስትል ኪያ የለም።

ከውስጥ «ዷ!» የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ጸጥ አለ።

«አባዬ!» አለች። አባቷ አልሰማትም።

እግሬ አውጪኝ ብላ ልትሮጥ ነበር። ኪያስ? ኪያ እኮ ውስጥ ነው፣ ብቻውን።

አንድ እግሯን አስገባች። ልቧ ድው! ድው!

ሌላውን እግሯን አስገባች። ልቧ ድው! ድው!

ግድግዳው ላይ ትልቅ ጥቁር ቆዳ ተሰቅሏል። የሚያያት መሰላት። ልቧ ድው! ድው!

«ቤ… ቤቶች» አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ቤቶች!»

ከጥጉ አንድ ወፍራም ድምፅ «ደ…ጆ…ች!» አለ።

ናርዶስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ድምፁ የመጣው ከጎታው ነው፤ እህል ከሚቀመጥበት፣ አባቷን ከሚያክለው የጭቃ ጎታ።

ጎታው አፍንጫውን ሳበ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ።

«ናርዲ፣ መውጣት አቃተኝ።»

ኪያ ነው! መደቡ ላይ ወጥቶ፣ በላይ በኩል ገብቶ ወድቋል። ድምፁን ያወፈረው ጎታው ነው።

ከጎታው ሥር እህል የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ አለ። ናርዶስ በሆዷ ተኛችና እጇን አስገባች። ትንንሽ እርጥብ ጣቶች ያዟት።

«አትሂጂ» አለ ኪያ።

«አልሄድም። አባዬ እስኪመጣ እዚሁ ነኝ።»

ጨለማው አሁንም ጨለማ ነው። ናርዶስም አሁንም ፈርታለች። ግን አልሄደችም።

በመጨረሻ አባታቸው መጣና ኪያን በላይ በኩል ስቦ አወጣው። ከፀጉሩ እስከ እግሩ አቧራ ለብሷል።

ማታ፣ ገላቸውን ታጥበው ተኙ።

«ናርዲ፣ ፈርተሽ ነበር?» አለ ኪያ።

«በጣም።»

«ታዲያ ለምን ገባሽ?»

ናርዶስ ወደ እሱ ዞረች።

«እዚያ ውስጥ አንተ ነበርክ እኮ።»

ኪያ ተጠጋት። ብርድ ልብሱን እስከ አንገታቸው ሳበችው።