የይርዳው ቴፕና ባዶው ጋቢና

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ እንደሆነ ዛሬ አይመጣም። አንተ፣ ስልክህን አጥፋው። ፊትህን ከታች እያበራው አንተው ራስህ ጋኔን መስለሃል።

የመናፍስት ወሬ ነው የምትፈልጉት? ይሁን። ግን በእኩለ ሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ። እኩለ ሌሊት ላይ ሰው ሁሉ ተኝቷል፤ መንፈሱ ማንን ያስፈራራል? ሰዓቱ ቀትር ነው። ስድስት ሰዓት። ጥላህ እግርህ ሥር የሚገባበት፣ ውሻ እንኳ የማይጮኽበት ሰዓት። መንገዱ ደግሞ ከመንደራችን ወጥቶ ወደ ወንዙ የሚወርደው ኮረኮንች ነው። በዚያ መንገድ በቀትር ሰው ያልፋል? አያልፍም። ብቻውን ያለፈ አንድ ሰው ነበር። ይርዳው ይባላል። ድሮ ድሮ ልላችሁ ነበር፤ ግን ድሮ አይደለም፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው።

ይርዳው ሹፌር ነው። ዶልፊን ሚኒባስ አለችው። በዶልፊኗ ውስጥ በካሴት የምትሠራ ቴፕ ነበረች። ካሴቱን ትጎርሳለች፣ ትዘፍናለች። አለቀ። ቴፒቱ ምን ጥፋት ነበረባት? ምንም። ይርዳው ግን ነቀላትና ለቆራሌው ሰጣት። በቦታዋ የመስኮት መዝጊያ የሚያህል ስክሪን አስገጠመ።

ከዚያ ወዲያ ያየነውን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው። ቁልፉን ሲያዞር ስክሪኑ መጀመሪያ ፏፏቴ ያሳያል። ቆይቶ አንዲት ሴት በማናውቀው ቋንቋ ሰላም ትለናለች። ቆይቶ ስልክ አምጡ ይላል። ስልኩ ተገናኝቻለሁ ይላል፣ ስክሪኑ አልተገናኘሁም ይላል። ማንን ትሰማለህ? በፍላሽ ልክፈት ካልክ ደግሞ የአማርኛ ፊደል አያውቅም፤ በዘፈኑ ስም ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን። የሰርግ ዘፈን ነው ብለህ ስትነካ ስብከት ይወጣል። ድምፅ ልቀንስ ስትል መኪናዋ ጉድጓድ ትገባለች፣ ጣትህ ይስታል፣ ሬዲዮ ይከፈታል። የድሮዋ ማዞሪያ ነበራት። በጨለማም ቢሆን ትዳብሳታለህ፣ ታገኛታለህ።

ሚስቱ ስንዱ ትባላለች። አንድ ቀን ጋቢና ተቀምጣ፣ እናቷ ወይዘሮ አጸደ መታመማቸውን ልትነግረው ጀመረች። እሱ ስክሪኑን ይነካል። ቆይ ይገናኝ አላት። እንደገና ጀመረች። ቆይ ሊገናኝ ነው አላት። ሦስተኛውን አልጀመረችም። መኪናዋ ስትቆም ወረደች፣ ሌላ መኪና ተሳፈረች፣ ወላጆቿ ቤት ገባች። ወር ሙሉ አልተመለሰችም። ይርዳው ከሳ። ልብሱ ሰፋው።

በመጨረሻ ላከችበት። እሁድ እስከ ስምንት ሰዓት ና፤ ከዚያ ካለፈ ከተማ አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ፣ አልመለስም አለችው። ያኮረፈች ሚስት ለማምጣት ሰው እንዴት ነው የሚሄደው? ሽማግሌ ይዞ። ሽማግሌው የት ይቀመጣል? ጋቢና። ሽማግሌው ማን ነበር? እኔ! እኔ ማንደፍሮ! ጋቢዬን አሳጥቤ፣ ከዘራዬን ይዤ፣ ከጠዋት ጀምሮ ደጄ ላይ ቆሜያለሁ። መጣና በመስኮቱ አየኝ። ጋሽ ማንደፍሮ ይቅርብዎ፣ የሰርጋችንን ዘፈን በራቸው ላይ ስለቀው እሷው ትወጣለች አለኝ። እርስዎ ካሉ ደግሞ ድምፅ ቀንስ ይሉኛል አለኝ። እውነቱን ነው፣ እላለሁ። ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም። ጋቢናውን ባዶ አድርጎ ሄደ።

አሁን ስሙ። ወንዙ አጠገብ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን አለ። ዙሪያው ጥድ ነው፣ ከጥዱ ሥር መቃብር። እዚያ ሲደርስ ስድስት ሰዓት ሆነ። ይርዳው ዘፈኑን ይፈልጋል። አንድ ሳጥን ነካ፣ ስብከት። ሌላ ሳጥን ነካ፣ ስብከት። በዚህ መሀል ስልኩ ከስክሪኑ ተቋረጠ። ስክሪኑ ሌላ ስልክ ተገናኘ አለ። የማን ስልክ? በመንገዱ ላይ ሰው የለም። ስሙን ሊያነብ ጎንበስ አለ። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን።

የተለመደው ነው ብሎ ናቀው። ትንሽ እንደሄደ ድምፁ በራሱ ቀነሰ። ጨመረው። ቀነሰ። ጨመረው። ቀነሰ። ቀጥሎ የጋቢናው ወንበር ሲጥ አለ፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው። ቀጥሎ የመስታወቱ ማዞሪያ መዞር ጀመረ። ማን ነው የሚያዞረው? ቀስ እያለ ዞረ፣ መስታወቱ ወረደ፣ ነፋስ ገባ። ይርዳው አንገቱ አልዞር አለው። በዓይኑ ጥግ ግን የነጭ ጋቢ ጫፍ አየ። ከጋቢው ውስጥ እጅ ወጣ። እጁ መቁጠሪያ ይዟል።

"ልጄ፣ ይህን ነገር እስከ መቼ ነው የምትነካካው?" አለ ድምፁ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ይርዳው "አባባ፣ አልገናኝ ብሎኝ ነው" አለ።

"ተወው። ለልጅቷ ምን ልትላት ነው?"

ዘፈን አለኝ ሊል አፉን ከፈተ። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ፏፏቴውም ጠፋ፣ ሴትዮዋም ጠፋች። ሁለት ሰዓት ያህል ያለ ዘፈን ነዳ። ላቡ ይንቆረቆራል፤ ጎኑ ያለው ሰው መቁጠሪያውን ይቆጥራል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ይርዳው መናገር ፈራ፣ ዝም ማለትም ፈራ፣ ቢቸግረው ማሰብ ጀመረ። ያን ቀን ምን ልትነግረኝ ነበር? እናቴ ብላ ጀምራ ነበር። እናቷ ምን ሆኑ? ወር ሙሉ አልጠየቀም። አያችሁ፣ ከጎኑ ከተቀመጠው ይልቅ ይህ አስደነገጠው። አፈረ።

ለስምንት አምስት ጉዳይ ሲሆን ደረሰ። ስንዱ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አባቷ አቶ ጉልላት ከኋላዋ አሉ። ይርዳው ዘሎ ወረደ። ዘፈን የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ባዶ እጁን ነው።

"ስንዱ፣ እናትሽ እንዴት ናቸው?" አላት።

ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ተሻላቸው አለችው። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሐኪም ቤቱ፣ እንቅልፍ ስላጣችባቸው ሌሊቶች ነገረችው። እሱም ቆሞ ሰማት። አንዴም ቆይ አላላትም።

አቶ ጉልላት ግን እነሱን አያዩም። የሚያዩት ጋቢናውን ነው። ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ።

"አባቴን ከየት አመጣሃቸው?" አሉ። "ወንዙ ዳር፣ በትውልድ መንደራቸው ከቀበርናቸው እኮ አስራ አንድ ዓመት ሆናቸው።"

ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ ወደ ቤት ሮጠ። ዶሮዎቹም ሮጡ። ወይዘሮ አጸደ ብቻ ከአልጋቸው ሆነው ምንድን ነው ጩኸቱ ብለው ጠየቁ። ነገሯቸው። እሳቸው እቴ፣ ምን ይገርማቸዋል!

"ታዲያ ለሽምግልና መጥተው መኪና ውስጥ ይቀመጣሉ እንዴ? አስገቧቸው እንጂ" አሉ።

ይርዳው ተመልሶ የጋቢናውን በር ከፈተ። ማን ነበር? ማንም። ወንበሩ ብቻ ሰው እንደተነሳበት ጎድጎድ ብሏል።

አስር ሰዓት ላይ ሁለቱ ተነሱ። ስንዱ ያን ወንበር ፈርታዋለች፤ ግን ባሏን ብቻውን ልትሰደው አልሆነላትም፣ ጋቢና ገባች። መንገዱን ሙሉ አወሩ። ስለ እናቷ አወሩ፣ ስለ ቤታቸው አወሩ፣ እኔንም አምተውኛል አሉ። ስክሪኑን የነካው የለም። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ወንዙ ጋ ደረሱ። ጥዱ ጋ ደረሱ። ስንዱ እየሳቀች ነበር። ያን ጊዜ ከኋላ፣ ከመጨረሻው ወንበር፣ ቀስ ያለ የሽማግሌ ድምፅ፦

"ወራጅ አለ።"

መኪናዋን ማን እንዳቆማት፣ በሩን ማን ቀድሞ እንደከፈተ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ደጄ ላይ ሆኜ ነው ያየኋቸው። በእግራቸው ናቸው፣ እየሮጡ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው። ነጠላዋ መንገድ ላይ ቀርቷል። መኪናዋ እዚያው አደረች። ከዚያ ወዲህ ይርዳው ጋቢናውን ባዶ አድርጎ ቁልፍ አያዞርም። ጎማ ለማስነፋት ሲሄድ እንኳ እኔን ይጭነኛል፤ ወገቤን ጨረሰው።

በሉ ተነሱ፣ መሽቷል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ። አንተ መኪና ይዘህ የመጣኸው፣ አንተን ነው፣ ብቻዬን ነኝ ብለህ ሞተር ከማስነሳትህ በፊት የኋላ ወንበርህን እይ።