በእናቱ እርምጃ

ደንቡ አጭር ነበር፤ የምርጫ ጣቢያ ከማንም መራጭ ቤት በእግር ከሃያ ደቂቃ በላይ አይርቅም። የኔ ሥራ መንገዱን ሄዶ ሰዓቱን መመዝገብ ነው። ከሰፈሩ የታችኛው ዳር ሁሌም ጣቢያ እስከሚሆነው አሮጌ አዳራሽ ሄድኩ፤ ዘጠኝ ደቂቃ። «ተስማሚ» ብዬ ጻፍኩ።

ላረጋግጥ በመጣሁበት ስመለስ አንድ አናጺ በእጄ የያዝኩትን ሜትርና ሰዓት አይቶ ከሱቁ በር ላይ ጠራኝ። ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ ተበትኖበታል።

«ወይዘሪት ሜትር! በስንት ደቂቃ ገቡ?»

«በዘጠኝ።»

«እርስዎማ ይገባሉ። እስቲ እናቴን ይዘው ይሞክሩ።»

ደሜ ፈላ። ሥራዬን ሊያስተምረኝ! «ይምጡ እንጂ፣ የታሉ?» አልኩት።

እናቱ ከሱቁ ጀርባ ካለው ቤት በከዘራ ወጡ። «አንቺ ነሽ የምትሮጪው?» አሉኝ።

በአንድ ክንዳቸው እሱ፣ በሌላው እኔ ሆነን ተነሳን። በየመብራት ምሰሶው ይቆማሉ፤ ሲቆሙ ያወራሉ። ከሻሻቸው በላይ ከልጃቸው ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እሱ ቶሎ አቀረቀረ። እኔ አላቀረቀርኩም፤ ንዴት መስሎኝ ነበር።

አዳራሹ ሥር ስንደርስ አርባ አንድ ደቂቃ አልፏል። ከፊታችን ሃያ ሁለት ደረጃ ተገትሯል።

«ሁለት ምርጫ እዚህ ድረስ መጥቼ ተመለስኩ» አሉ። «ይሄ ልጅ ላዝልሽ አለኝ። እንደ ጆንያ ተጭኜ ድምፅ አልሰጥም አልኩት።»

«ተስማሚ» ያልኩትን እዚያው ቆሜ ሰረዝኩ። በወረቀት ላይ ሁሉም ሰው ጤነኛ ጉልበት አለው፤ የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

በታችኛው ዳር አዛውንቱ በሚበዙበት አካባቢ፣ ደረጃ የሌለውና በሩ ሰፊ የሆነ ለጣቢያ የሚሆን አንድ ክፍል ብቻ ተገኘ፤ የአናጺው ሱቅ። ሦስት ቀን ሄጄ ለካሁት። የሜትሩን ጫፍ ይይዝልኛል።

«በሩ ትናንትም አንድ ሜትር ከአርባ ነበረ» አለኝ በሦስተኛው ቀን።

«እንጨት ያብጣል።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና «አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለ።

«እንዳትጠይቀኝ!» ጮህኩ። «ከጠየቅከኝ እመልሳለሁ። ከመለስኩ ደግሞ ይህን ሱቅ ልመርጥ አልችልም።»

የሜትሩን ጫፍ ቀስ ብሎ ለቀቀ። «እስከ መቼ?»

«የድምፅ ቆጠራው እስኪያልቅ።»

እንዲያም ሆኖ ሱቁ ጣቢያ እንዲሆን እጄ አልፈርም አለኝ። በማግስቱ አለቃዬ ጋ ገባሁ። «ይህን ቤት ሌላ ሰው ያጥናው። ልቤ ወደ ባለቤቱ አዘንብሏል።»

«አናጺ ወደድሽ ተብሎ ጣቢያ ይዛወር?»

«እኔን አትመኑኝ!» መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። «እናትየውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰዓትም ያዙ!»

አንድ ባልደረባዬ እናትየውን ይዞ እስከ አዳራሹ ሄደ። አርባ ሦስት ደቂቃ ፈጀበት፤ ላቡን እየጠረገ ሱቁን መረጠ። እኔን ወደ ሌላ ሰፈር መደቡኝ፤ ምርጫው እስኪያልቅ እዚያ ድርሽ እንዳልል ታዘዝኩ። አርባ ቀን የሌላ ሰው በር ለካሁ። ሳይጠይቀኝ ቢቀርስ? ቢሰለቸውስ? ማንን ልጠይቅ?

ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት ሄድኩ። ወንበሮቹን ከሱቁ እያወጣ ነበር። ሲያየኝ የያዘውን አስቀመጠ።

«እናትህስ?»

«በራሷ እግር ገባች። ድምፅዋን በራሷ እጅ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ‹ያቺ ሯጭ የት ሄደች?› ብላ ጣቢያውን በጠበጠችው።»



«ጥያቄህን ረሳኸው?»

«ልረሳው?» አለና ተጠጋኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» አለኝ። «እስከ ፌርማታው ልሸኝሽ?»

«አርባ ቀን አስጠብቄህ ጥያቄህ ይሄ ነው?»

«ዋናውን መንገድ ላይ ነው የምጠይቅሽ።»

ፌርማታው አዳራሹ ሥር ነው፤ በኔ እግር ዘጠኝ ደቂቃ። በየመብራት ምሰሶው ቆምን። በሦስተኛው ጠየቀኝ፤ አራተኛው ጋ ሳንደርስ እሺ አልኩት።

ከኋላችን ከሱቁ በር ላይ የእናቱ ከዘራ ኳኳታና ድምፃቸው ተሰማ።

«እኔ በሌለሁበት ደግሞ ምን ያንቀራፍፋችኋል!»