ሃያ ጊዜ «የለም»

ፓኑዋት ሐሙስ ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። በታይላንዷ ቡሪራም ከተማ ዳር ባለው የታይ ቦክስ ካምፕ ውስጥ እንደ እሱ እግሩ የሚፈጥን ልጅ አልነበረም። ከአምስት ሳምንት በፊት የተጋጣሚው ክርን ጆሮ ግንዱ ላይ አርፎበት ራሱን ስቶ ነበር። ነርስ ራቲያ ሃያ ጥያቄ ጠየቀችው፣ ነጥቡን ደመረችና «ቀላል የአንጎል መናወጥ፤ በአሥራ አራት ቀን ይድናል፤ የሚቆይ ምልክት አይጠበቅም» ብላ ፈረመች። አሁን ልጁ ሞተ። በቃ፣ ለሰው ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያስፈልገዋል?

ኢንስፔክተር ኦራታይ ስትደርስ ራቲያ በገዛ ማከሚያ ክፍሏ ውስጥ ከውጭ ተቆልፎባት ነበር። የሟች ዘመዶች ደጁን ሞልተው ይጮኻሉ። ያለችውን አንዲት መስኮት ብረት ዘግቷታል።

«ማነው የቆለፈባት?»

«እኔ ነኝ፤» አሉ የካምፑ ባለቤት ቡንሉ፣ ክራንቻቸውን ተደግፈው። አንድ እግራቸውን በስኳር በሽታ ካጡ ዓመታት አልፈዋል። «እንዳትሸሽ ብዬ ነው። ደግሞም እንዳይገድሏት።»

ኦራታይ አስከፍታ ስትገባ ራቲያ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። «ገደልሽው ይሉኛል። ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ እታሰራለሁ። ኢንስፔክተር፣ ነጥቡን አሥር ጊዜ ደመርኩት፤ ልክ ነው! የት ጋ እንደሳትኩ እንኳ አላውቅም።»

«አንቺ ልጅ፣ ድምሩን ተይውና ቅጹን አምጪው።»

ራስ ምታት? የለም። ማዞር? የለም። የጣዕም ወይም የሽታ ለውጥ? የለም። እስከ ሃያ ድረስ የለም፣ የለም፣ የለም።

«ጉድ እኮ ነው!» አለች ኦራታይ። «እኔ ማንም ሳይመታኝ ከሃያው ለአራቱ ‹አለ› እላለሁ። በክርን የተዘረረ ልጅ አንዱም የለበትም?»

ልጆቹ የሚተኙት ፎቅ ላይ ነው፤ መውጫው ቀጥ ያለ የእንጨት መሰላል ነው። ኦራታይ እያለከለከች ወጣች። ክፍሉ ይከረፋል። ጠዋት ሬሳውን ያወረዱት ሰዎች የሬሳ ሽታ መስሏቸው አፍንጫቸውን ይዘው ነበር፤ በአንድ ሌሊት እንዲህ የሚከረፋ ሬሳ ግን የለም። ጎንበስ ብላ አልጋው ስር አየች። በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ የተፈለጠና የበሰበሰ ዱሪያን፣ ያ ትኩሱም የሚከረፋ እሾሃማ ፍሬ፣ ተቀምጧል። ከብስባሱ የወጣው ውሃ ጋዜጣውን አርሶ ወለሉ ላይ ደርቋል፤ ሦስት ቀን ሳይሆነው አይቀርም።

ራስጌው ላይ ያለውን ኩባያ ይዛ ንጹሕ አየር ወዳለበት ወረደች። ቦክሰኞቹ ሁሉ የሚጠጡት የመራራ ሐረግ ውሃ ቅሪት አለበት። አሸተተችው፤ ፊቷ ተኮማተረ። የመታሻ ዘይት! ካምፑ ከግድግዳው እስከ ፎጣው የሚሸተው ዘይቱን ዘይቱን ስለሆነ ማንም አላስተዋለውም፤ እሷ ግን ከውጭ የመጣች ናት። ኩባያውን ወደ ሆስፒታል ላከች፤ የሟቹ ደም እንዲመረመርም አዘዘች።

ከሟቹ ጋር ክፍል የሚጋራው ሲላ ቦርሳውን ገና አላወረደም። ለአጎቱ ልጅ የምንኩስና በዓል አገሩ ሄዶ አምስት ቀን ቆይቶ መምጣቱ ነው።

«ፓኑዋት ምግብ ይጣፍጠው ነበር?»

«ኧረ የት! ‹ዛሬም የዓሣ ማጣፈጫውን ረስተውታል› ይላል ሁልጊዜ። ጭድ ጭድ ይለኛል ይላል።» ሲላ ዓይኑን ጠረገ። «ከመሄዴ በፊት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ለነርሷ እውነቱን እነግራታለሁ ብሎኝ ነበር።»

«ይህን ሲልህ ማን ሰማ?»

«አሰልጣኛችን ጓንት እያሰረልን ነበር።»

አሰልጣኝ ዊቺየን ሳይጠየቅ ነው የጀመረው። «ረቡዕ ከሰዓት ክፍሉ ገብቼ አንድ ሰዓት ሙሉ አሸሁት። ጆሮዬ ይጮኻል አለ፣ አስመለሰው፣ ትንፋሹም ፈጠነ። አንጎሉ ነው! ያቺ ነርስ ናት የጨረሰችው።»

«ክፍሉ እንዴት ነበር?»

«ክፍል ምን ይሆናል? ይሞቃል።»

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ ደወለ። ኦራታይ በሩን እንደገና አስከፍታ ራቲያን አስወጣችና ሁሉንም በገመድ የታጠረው የቦክስ ቀለበት አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ልጁን የገደለው አንጎሉ አይደለም። ደሙ ውስጥ የመታሻ ዘይት ሞልቷል። ዘይቱ ሲጠጣ መርዝ ነው፤ ጆሮ ያስጮኻል፣ ያስመልሳል፣ ትንፋሽ ያፈጥናል፤ ለዚህ ነው ጉዳዩ ሁሉ ወደ ነርሷ የዞረው። መራራው ሐረግ ጣዕሙን ይሸፍናል፤ ሽታውን ግን አይሸፍንም። ይህን ጠረን እያሸተተ ማን ይጠጣል? ማሽተት የማይችል ሰው ብቻ! ፓኑዋት ከተመታ ጀምሮ አፍንጫው አይሠራም ነበር፤ ደብቆታል። ገዳዩ ግን ጠርጥሯል። እርግጠኛ ለመሆንም አልጋው ስር ዱሪያን አስቀመጠ። ልጁ ሦስት ሌሊት በላዩ ተኛበት።»

«አምላኬ!» አሉ ቡንሉ።

«እርስዎ መሰላሉን መውጣት አይችሉም። ሲላ አገሩ ነበር። ነርሷ ከወንዶቹ ክፍል ደርሳ አታውቅም፤ የማሽተት ነገር ብታውቅማ ኖሮ ቅጹ ላይ ትጽፈው ነበር።» ኦራታይ ወደ ዊቺየን ዞረች። «አንተ ግን በዚያ ክርፋት ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀምጠህ ‹ምን ሸተተ?› አላልክም። ዛሬም ስጠይቅህ ‹ይሞቃል› አልክ። ሽታው ያልገረመህ ራስህ ስላስቀመጥከው ነው።»

«ለምን ብዬ?»

«ቅዳሜ ሊናገር ስለነበር ነው። ሃያ ‹የለም› ካልተጠና አይመጣም፤ ልጆቹን ነርሷ ፊት እንዲህ እንዲሉ የምታስጠና አንተ ነህ። ያ ከታወቀ ዳግመኛ ቀለበት አጠገብ አትቆምም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነና ጥፋትህን በእሷ ላይ ለጠፍከው።»

ዊቺየን የቀለበቱን ገመድ ጨበጠ። «ሁሉም አሰልጣኝ ያስጠናል! ደግሞስ ምን ቀርቶት ነበር? ማሽተት የማይችል፣ ቆሞ የሚንገዳገድ ልጅ! አልቆለት ነበር እኮ፣ አልቆለት!»

ሁለቱ ፖሊሶች ያዙት። ራቲያ ግን ወደ እሱ አላየችም። ቅጹን ገልብጣ ጀርባው ላይ ነጥቡን በእርሳስ እንደገና ትደምር ነበር።

«አላለቀለትም፤» አለች። «ወጣት ነው፣ የመጀመሪያ ጉዳቱ ነው፣ ከዚያ በፊት ራሱን አሞት አያውቅም። እውነቱን ነግሮኝ ቢሆን ‹ምልክቱ ይቆይበታል፣ ቀለበት እንዳይገባ› እል ነበር። አፍንጫው ይመለስ እንደሆነ አላውቅም። ሌላው ግን ቢያርፍ በሦስት በአራት ወር ይድን ነበር። ይድን ነበር፣ ዊቺየን!»

ከደጅ የሚመጣው ጩኸት ረግቧል፤ በሩ ክፍት ነው፣ ራቲያ ደስ ባላት ሰዓት መሄድ ትችላለች።

«እኔስ?» አለ ሲላ።

ሁሉም ዞረው አዩት።

«እኔም የለም ብዬሻለሁ፣ እህቴ። ሁለት ጊዜ። ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዤ ነው የምነሳው።»

«ራስህን እስክትስት ስንት ጊዜ ተመተሃል?»

ሲላ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። አንዱ እጁ አልቆ ወደ ሌላኛው ሲሻገር ራቲያ እርሳሱን አስቀምጣ እጁን ያዘችው።