የሚተነፍሰው ጥቀርሻ

ሰውየው ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ መንገዱን ዘጋባት።

«እናት፣ ቅጠሉ ደረቅ ነው?»

«ትናንት የተለቀመ ነው።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ሰውየውም ልክ ነው፤ የስለላ አለቃዋ ቀጀላ። ዲንቄ ግን የእንጨት ሸክሟን አላወረደችም።

ስድስት ወር እንጨት ለቃሚ መስላ ከየካ ስትወጣ ስትወርድ ከርማለች። ዛሬ ጠዋት ተመራማሪዋ ሲፋን አንዲት ብልቃጥ ሰጠቻት። ውስጧ ጥቀርሻ የሚመስል ዱቄት ነው፤ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ የካርቦን ቱቦዎች። የሦስት ዓመት ልፋት። ሌላ የለም። ሌቦች ሳይደርሱባት በቀጀላ እጅ አያት ሰፈር ላለችው ለሲፋን ባልደረባ ለሐመልማል መድረስ አለባት።

«ሌዘር ሲያርፍባቸው ይንቀጠቀጣሉ» ብላት ነበር ሲፋን። «እንደ ደረት ይነፋሉ፣ ይሰበሰባሉ። ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ያንን ይናገራል። ከሰልም ካርቦን ነው፤ ግን እንዲህ አይተነፍስም። አደራ! አድራሽ ዝም ብሎ ያደርሳል። መንገድ ላይ የሚለካ፣ ገዢ ያገኘ ነው።»

ዲንቄ ሰው አታምንም። ሁለተኛ ብልቃጥ የከሰል ዱቄት ሞልታ መጥታለች። እሱን ሰጠችው።

ቀጀላ ከኮቱ ስር ስልክ የሚያክል የሌዘር መለኪያ አወጣ።

ሊለካ ነው።

ትሩጥ? ይህን ሁሉ እንጨት ተሸክማ የት?

«የትንፋሹ መስመር የለም» አለ ስክሪኑን እያየ። «ከሰል ሰጠሽኝ?»

«እኔ ምን አውቄ? የሰጡኝን ነው።»

«ድርቅናሽን ተይ!»

ሽጉጥ።

«እውነተኛው የት አለ?»

«እንጨቱ መሀል። እጄ አይደርስም፣ አውርድልኝ።»

«ዙሪ።»

ዞረች። ጀርባዋን ለሽጉጥ ሰጠች። እግዚኦ!

እጁ እንጨቱን ሲነካ ደረቷ ላይ ያለውን ገመድ ፈታ አደረገችና ባላት አቅም ወደ ኋላ ገፋች። ሸክም ሲወርድ ከበታቹ አይቆምም፤ እንጨት ለቃሚ ሁሉ ያውቃል። ቀጀላ አላወቀም።

ጥይቱ ቅጠል በተነ። ሸክሙና ሰውየው አብረው ከመንገዱ ዳር ካለው ገደል ገቡ።

ከታች ድምፅ የለም።

እውነተኛዋ ብልቃጥ መቀነቷ ውስጥ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ አያት ደረሰች። ሐመልማል ለካች፤ እንባዋ መጣ።

«ይተነፍሳል! እሺ፣ ማን አመጣው ልበል?»

ሲፋን ዲንቄን የምታውቃት እንደ ተራ አድራሽ ነው። ሰላይ መሆኗን የሚያውቅ ቀጀላ ብቻ ነበር። አሁን የሚጠራት የለም፣ የምትመለስበትም።

«አንዲት እንጨት ለቃሚ በያቸው።»

በማግስቱ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ፣ እዚያው ቁልቁለት ላይ ፖሊሶች ገደሉን ያያሉ። አንዱ አስቆማት።

«እናት፣ ትናንት እዚህ ሰው አላዩም?»

ሸክሟን ከፍ አደረገች።

«እኔ ጎብጬ መሬት መሬቱን ነው የማየው፣ ልጄ።»

«ይለፉ።»

አለፈች። ፊቷን ያየ የለም።