ከክዳኑ ሥር የተጣራው

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ሰው ስለ ጥላና ስለ ድምፅ ማውራት ሲጀምር ተነሥቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ይህን የምነግርህ ፈርቼ ሳይሆን ተናድጄ መሆኑን ያዝልኝ፣ ንዴቱም እስካሁን አልወጣልኝም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ በነበረበት ጊዜ ነው። ሉማሜ አጠገብ የነበረውን የአባቴን ቤት ያቃጠሉት እነሱ ናቸው፣ ከዚያ ወዲያ እኔና ሚስቴ የሺ በሰው ቤት ጥግ ተጠግተን ከረምንና፣ ማንም ሳይጣራ የማይገባበት አንድ ደጅ ይኑረን ብለን ያለንን ሸጠን ከተማው ዳር ቤት ገዛን። ሻጩ አያ ተሰማ የሚባል የበቅሎ ነጋዴ በምስክር ፊት ወሰኑን እየዞረ አሳየኝ፣ ጓሮው ላይ ግን ትልቅ የጭድ ክምር ስለነበር በዳር በዳሩ አለፍነው። ጭዱን ግለጥልኝ አላልኩትም፣ ማን ይላል?

ጭዱን ለላሚቱ እየሰጠን ስንጨርሰው ከሥሩ የብረት ክዳን ወጣ። ወዳጄ፣ ደሜ ፈላ! ለካ ወደ ጣሊያን ካምፕ የሚሄደው የውሃ ቧንቧ በጓሮዬ ሥር ያልፋል፣ ክዳኑም የእሱ መክፈቻ ነው። አያ ተሰማ ዘንድ ሄጄ ብጮህበት፣ ውሃው ምን አደረገህ ብሎ ዘጋኝ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት የቧንቧ ሠራተኞች ዲጂኖ ተሸክመው፣ የሺ ጸጉሯን እየታጠበች ሳለ፣ እንደምን ዋላችሁ እንኳ ሳይሉ በአጠገቧ አልፈው ገቡ። የሰው ቤት ሲገባ "ቤቶች" ይባላል ብላቸው አንደኛው ሳቀብኝ፣ ክዳኑ የመንግሥት ነው፣ ደጅህም የክዳኑ መንገድ ነው አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጄን በእሾህ ዘጋሁት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሺ ከውስጥ ጥጥ ትፈትላለች፣ እኔ ጓሮ አጥር እጠግናለሁ፣ "ቤቶች!" የሚል የሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አንዴ ተጣርቶ መልስ የሚጠብቅ ጨዋ ድምፅ። ደጁን ባይ ማንም የለም። ደግሞ ተጣራ፣ እመነኝ፣ ከክዳኑ ሥር ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት የሺ ከውስጥ እንደ ልማዳችን "ይግቡ" አለች። ክዳኑ ሰው እንደረገጠው አንዴ ቋ አለ።

በዲጂኖ ፈልቅቄ ከፈትኩት። ክንድ የሚያህል ቧንቧ፣ አቧራና ያልተነካ የሸረሪት ድር ብቻ ነው ያለው፣ ድመት እንኳ አያስገባም። ወደ ቤት ስሮጥ የሺ በርጩማ አውጥታ ቆማለች።

"እንግዳው የታለ?" አለችኝ።

በርጩማውን ብነካው ሰው ተቀምጦበት እንደተነሣ ሞቋል። ውጣ ብዬ ጮህኩ፣ ግድግዳውን በዱላ ደበደብኩ፣ የሺ ግን እጄን ይዛ፣ ተጣርቶ፣ ተፈቅዶለት የገባን ሰው እንዴት ታስወጣለህ አለችኝ። አባባሏም ይበልጥ አናደደኝ።

ሠራተኞቹ ተመልሰው ሲመጡ እኔና የሺ ግቢ ውስጥ በርበሬ እያሰጣን ነበር። እሾሁ ስላገደው ያ የሳቀብኝ ሰውዬ የግዱን "ቤቶች!" አለ። ዝም አልኩት፣ ትንሽ ይቁም ብዬ። ባዶ ከነበረው ቤታችን ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና "ይግቡ" አለ።

ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ፣ በእኔ ላይ አሻግሮ ወደ በሩ እጅ ነሣ።

"ባለቤቱ እንዳሉ ምነው ያን ዕለት ሳትነግረኝ ቀረህ?" አለኝ።

ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ምስክር አለኝ! ይህን ለስንቱ ተናግሬያለሁ መሰለህ። ግን ይኸው እስከ ዛሬ ከገበያ ስመለስ በገዛ ደጄ ቆሜ እጣራለሁ፣ ከውስጥ "ይግቡ" እስክባል ድረስም አልገባም።