በመግሪብ የምትዞረው ማብሪያ

አሁን በምኖርበት የአጣዬ ቤት ማብሪያዎቹ ድምፅ የላቸውም። ጣት ሲነካቸው መብራቱ ይበራል፤ ከዚያ ዝምታ ነው። ፀሐይ ከተራሮቹ ጀርባ ስትገባ ግን ጆሮዬ ሸዋሮቢት የቀረችውን አንዲት የሸክላ ማብሪያ ይፈልጋል።

በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቄ ወደ ሸዋሮቢት በተመለስኩበት ዓመት፣ ቆላው በሚነድበት ወር፣ እናቴ ቀዝቃዛ ውሃ እንድትጠጣ ብዬ በመጀመሪያ ደመወዜ ማቀዝቀዣ ገዛሁላት። መሰኪያው ባለ ሦስት እግር ነበር፤ የቤታችን አሮጌ ሶኬቶች ግን ሁለት ቀዳዳ ብቻ አላቸው። ይህን ስነግረው ባለሱቁ ፒንሳውን አነሣ። በከተማችን ልማዱ ይኸው ነበር፤ ሦስተኛው እግር ተቆርጦ ይጣላል፣ ዕቃውም በቀሩት ይሠራል።

«አትቁረጠው!» አልኩ።

«አትቁረጠው!» አለ ከኋላዬ ሌላ ድምፅ፣ በዚያው ቅጽበት።

ዞርኩ። የሽቦ ጥቅል በትከሻው ያነገበ ረጅም ወጣት ነበር። ተያየን፤ ሁለታችንም አፈርን።

«ተመካክራችሁ ነው እንዴ የመጣችሁት?» አለ ባለሱቁ እየሳቀ።

ስሙ ኡበይድ ይባላል። አጣዬ ከተቃጠለች ወዲህ እንደገና በሚሠሩት ቤቶቿ ውስጥ መስመር የሚዘረጋ ባለሙያ ነበር። ሶኬቶቻችንን እንዲያይልኝ ጠይቄው በማግስቱ ቤታችን መጣ። መጀመሪያ ያስተዋለው ከሻይ ማፍያው አጠገብ የተቀመጠውን የፕላስቲክ ሸበጥ ነው። እናቴ ሐጂራ ማፍያውን በባዶ እግሯ ከነካችው ይነዝራት ስለነበር፣ ሸበጡን መጫማት የቤታችን ሥርዓት ከሆነ ቆይቷል።

አንዱን ሶኬት ፈታ። ሽቦውን የሸፈነው ጨርቅ በጣቶቹ መካከል እንደ ከረመ የትምባሆ ቅጠል ተፈረፈረ።

«እትዬ ሐጂራ፣ ይህ ሁሉ መውጣት አለበት። ሦስተኛው እግር የሚሰካበት፣ ወደ መሬት የሚወርድ መስመርም የለውም። ኃይሉ አንድ ቀን መውረጃ ሲያጣ በአንቱ በኩል ይወርዳል።»

«ሰዲቅ በእጁ የዘረጋው ነው» አለች እናቴ። ሰዲቅ አባቴ ነው፤ አላህ ይዘንለት። «ግድግዳዬን የሚነካ የለም። ይልቅ ሻይህን ጠጣ።»

ጠጣ። ከዚያም ደጋግሞ መጣ፤ አንድ ጊዜ የኤሌክትሪክ መፈተሻ ቴስተሩን ረስቶ፣ ሌላ ጊዜ ረሳሁት ያለውን ሊፈልግ።

«ኢንጂነር፣ ቴስተሬን አላየሽም?»

«አይቼዋለሁ። ከደረት ኪስህ ብቅ ብሎ እያየኝ ነው።»

ፈገግታውን ለመደበቅ አንገቱን ደፋ።

ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌ ላከ። እናቴ ልጁን ወዳዋለች፤ የፈራችው ለግድግዳዋ ነበር። «ይህ ሽቦ ደህና ነው ብሎ ይማል፤ ልጄን እሰጠዋለሁ» ብላ መለሰቻቸው።

በማግስቱ ከሰዓት ኡበይድ ራሱ መጣ። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳለ ቀና ብሎ አላየኝም። ካየኝ እንዳይዋሽ ፈርቶ እንደሆነ ገባኝ።

«እትዬ ሐጂራ፣ ኑርሃንን እንዴት እንደምፈልጋት አላህ ያውቃል። ይህን ግን ወላሂ ብዬ አልምልም። እሷን ይዤ ስሄድ በዚህ ግድግዳ ሥር ብቻዎን የሚያድሩት አንቱ ነዎት።»

ልቤ ተሰበረ፤ በዚያው አፍታም ኮራሁ። ቢምል ኖሮ እንቢ የምለው እኔ ነበርኩ።

እናቴ ተነሥታ በበሩ አጠገብ ያለችውን ክብ የሸክላ ማብሪያ በመዳፏ ሸፈነች።

«ሰዲቅ ከመግሪብ ሶላት ሲመለስ መጀመሪያ የምሰማው ይህችን ነበር። ቀጭ! ቀጥሎም፣ ‹ሐጂራ፣ አለሽ ወይ?› ይለኛል። እሱ ከሄደ ወዲህ ከእኔ በቀር ያዞራት የለም። ሽቦውን ያወጣችሁ ቀን እሷም ዝም ትላለች።»

ለካስ የሳሳችው ለማብሪያዋ ድምፅ እንጂ ለሽቦው አልነበረም። ኡበይድ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አየኝ።

«ኢንጂነር?»

«ዝም አትልም» አልኩ፤ እናቴም ቃሌን አምና ፈቀደች።

ማብሪያዋ የቤቱን ኃይል ራሷ እንዳትሸከም፣ እንደ ባትሪ ድንጋይ ባለ ደካማ ኃይል ብቻ መብራቱን እንድታዝዝ አድርጌ ነደፍኩ፤ እሱም በነደፍኩት መሠረት ሠራው። አዲስ ሽቦ በአዲስ ቱቦ አለፈ፤ ሶኬቶቹም ሦስተኛ ቀዳዳቸውን አገኙ። በግቢው ማንጎ ሥር ኃይሉን ወደ መሬት የሚያወርደውን የመዳብ ዘንግ ስንቀብር አፈሩን ውሃ ያጠጣችው እናቴ ነበረች።

«ሰዲቅ ቢኖር ‹አጥብቀህ ምታው፣ አንተ ሰነፍ!› ይልህ ነበር» አለችው።

«ይኸው አንቱ አሉልኝ» አለ መዶሻውን እያነሣ።

ሥራው ያለቀ ዕለት ኡበይድ መግሪብን መስጊድ ሰግዶ መሣሪያዎቹን ሊወስድ ተመለሰ። ቤቱ ገና ጨለማ ነበር። እናቴ ወደ ማብሪያዋ ሄደች፤ ባዶ እግሯን ነበረች። እጇን ዘረጋች፤ ሳትነካት መልሳ ሰበሰበችው።

«አንተ አዙራት» አለችውና ወደ ውስጥ ገባች።

ኡበይድ ከደጃፉ ቆሞ ተመለከተኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ አዞራት።

ቀጭ!

በረንዳው በራ። ኡበይድ ወደ ውስጥ ተጣራ።

«እትዬ ሐጂራ፣ አሉ ወይ?»

መልሱ በእንባ የራሰ ነበር።

«አለሁ፣ ልጄ። ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላክ።»