የኔታ ያልወጡበት ኮምፒውተር

ይህ በእውነት የሆነ ነው። ቢቸና፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ስርጉት ራሷ ናት የነገረችኝ፤ እኔ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

የአባቷ የየኔታ ሣህለ ማርያም አርባ ነገ ነው። ለተዝካሩ ጎንበስ ቀና ስትል ሰንብታ ወገቧ ተቆርጧል። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው... የአባቷን ድምፅ ወደ ፍላሽ ለመገልበጥ።

የኔታ ቅኔ ሲያስተምሩ ድምፃቸውን በኮምፒውተሩ ይቀዱ ነበር። ሞጣ የሚኖረው ወንድሟ ምንይሉ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ጭኖ፣ በስማቸውና በይለፍ ቃላቸው በገቡ ቁጥር መቅጃው ከጀርባ በራሱ እንዲነሳ አድርጎላቸዋል። ቦታ ከሞላ የቆየውን እያጠፋ አዲሱን ይቀዳል።

ስርጉት በራሷ ስም ገባች።

በአባቷ ስም የተነሳው መቅጃ ግን አሁንም እየሠራ ነው...

ከቀብሩ ጀምሮ ባዶ ክፍል ሲቀዳ ከርሟል። በየሰዓቱ ከአባቷ ትምህርት አንዱን እየበላ!

የቀረው አንድ ብቻ ነው። ልገልብጥ ብትል ማሽኑ ተጨናንቆ እንቢ አላት። ሊጠፋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

መቅጃውን ዘጋችው። ተነሳ።

ደግማ ዘጋችው።

ተነሳ...

ምንይሉ ጋ ደውላ የሆነውን ነገረችው።

«ከቀብሩ ወዲህ መብራት ጠፍቶ አያውቅም?» አላት።

«ትናንት ጠፍቶ ነበር።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲያ ኮምፒውተሩም ጠፍቶ ነበር፤ ሰው በአባባ ስም እንደገና ካልገባ መቅጃው አይነሳም። የይለፍ ቃሉን ደግሞ ከአባባ በቀር የሚያውቅ የለም» አላት።

በአባባ ስም የተከፈተውን ሁሉ ባንዴ እንድትዘጋው ነገራት። የሚጻፈውን ፊደል በፊደል አስጻፋት። እሷም ጻፈች።

መቅጃው ቆመ። እፎይ ብላ የተረፈውን ትምህርት ገለበጠች።

ከዚያ እንዲያው፣ ባዶ ክፍል ምን ይሰማል ብላ የመጨረሻውን ቅጂ ከፈተችው።

የወንበሯ ሲጢጥታ... የራሷ ትንፋሽ... ከምንይሉ ጋር ስታወራ...

ከዚያ፣ ከማይኩ አጠገብ፣ የአባቷ ሳል።

«ስርጉቴ... አትዝጊው። ገና አልጨረስሁም።»

ለካ እስከዛሬ እያስተማሩ ነበር። የዘጋችባቸው እሷ ናት።

እያለቀሰች ከራሷ ስም ወጣች። መግቢያው ላይ የአባቷን ስም ስትነካው የይለፍ ቃል ጠየቃት። አታውቀውም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ስክሪኑ ላይ፣ የይለፍ ቃሉ በሚጻፍበት ቦታ፣ አንድ ነጥብ ብቅ አለ...

ሌላ...

ቀስ ብሎ። የኔታ በአንድ ጣት ሲጽፉ እንደነበረው።